ያልተቆረጠው ሳንቃ

ባሌ ሜትሩን እንደገና ሳንቃው ላይ ይዘረጋል። እርሳሱን ምላሱ ላይ ነካ ያደርግና ቀድሞ ካሰመረው መስመር አጠገብ ሌላ ቀጭን መስመር ያሰምራል። አስር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባላል፤ የእኔ ባል አስሩን ጨርሶ አስራ አንደኛውን ይዟል።

«ከዚህ ብቆርጠው አንድ ስንዝር ትባክናለች» ይለኛል።

«ትባክና።»

«ለአፍ ቀላል ነው።»

ከጠዋት ጀምረን እዚህ ነን። አናጢ ቤቱ የእኛ ነው። የሥራ ጠረጴዛው፣ መላጊያው፣ መሮዎቹ፣ ዘይቱ ገና ያልተጠረገው አዲስ መጋዝ፣ ሁሉም የእኛ ነው። ባሌ ባለፈው ሳምንት ከመጋዘን ጸሐፊነቱ ጡረታ ወጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ዕቃ ሲመዘግብ ኖሮ ዛሬ የሚወደውን ሥራ ሊሠራ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ለእኔ ወንበር ነው።

ስንተዋወቅ አናጢ ነበር። አጎቱ ዘንድ ይሠራል፤ ማታ ማታ እጁ ኮላ ኮላ እየሸተተ ይመጣና በዕለቱ የሠራው መሳቢያ ኮሽ ሳይል እንዴት እንደሚገባ በአየር ላይ እየገፋ ያሳየኛል። እኔ ያገባሁት ያንን ሰው ነው። ከዚያ ልጅ መጣ፣ ደሞዝ ያለው ሥራ ተገኘ። «የራሳችንን ቤት እስክንከፍት ነው» አለኝ፤ አመንኩት።

የቁጠባ ዘዴያችንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለባብሰን ገበያ እንወጣለን። ጫማ አምሮኝ እንደሆነ ጫማ ቤት ገብቼ እለካለሁ፤ በመስታወቱ ፊት ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ባሌ ዋጋ ይጠይቃል፣ እንደሚገዛ ሰው ይከራከራል፣ ከዚያ አመስግነን እንወጣለን። ቤት ስንገባ የጫማውን ዋጋ ለአናጢ ቤቱ እናስቀምጣለን። ልጃችን እስከ ሰባት ዓመቷ ድረስ ሱቅ የሚኬደው ዋጋ ለመጠየቅ ብቻ ይመስላት ነበር። ሰው ቆንቋና ይለናል፤ እኛ ግን አንጀታችንን አስረን፣ አንዳንዴም እየሳቅን፣ ያማረንን ሁሉ እዚህ ቤት ውስጥ አስገባነው።

«በሞቴ ቁረጠው» እለዋለሁ። «ከፈለገ ይበላሽ፤ ሌላ እንገዛለን። ገንዘብ እኮ አለን።»

መጋዙን ያነሳና መስመሩ ላይ ያሳርፈዋል። እጁን አየዋለሁ። አይንቀጠቀጥም፣ አልታመመም፤ ጤነኛ እጅ ነው። ግን አይገፋም። እጠብቃለሁ።

«እንዲህ ያለ ዝግባ ዛሬ አይገኝም» ይልና መጋዙን ያስቀምጠዋል።

«ደስ አይልህም እንዴ?»

«ምኑ?»

«ሥራው ነዋ! ትዝ አይልህም?»

ሳንቃውን በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር ይዳብሰዋል። «ዋጋው ነው የሚታየኝ» ይላል ቀስ ብሎ። «መጋዙን ባነሳሁ ቁጥር የሚታየኝ ዋጋው ነው። ምን ሆኜ ነው?»

እንዲህ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ትከሻውን ያዝኩት።

በሩ ይንኳኳል። የጎረቤታችን አናጢ ነው፤ ከእኛ ግድግዳ ወዲያ እንደ ኮሪደር የጠበበች ቤት ተከራይቶ የሚሠራ ጎልማሳ። ትከሻው ላይ ረጅም ጣውላ ተሸክሟል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! እትዬ፣ እርስዎንም!» ይልና ዓይኑን የሥራ ጠረጴዛችን ላይ ይጥላል። «የእኔ ቤት ይቺን አላስገባ አለችኝ። ሥራ ካልያዙበት ለዛሬ ያከራዩኝ ይሆን?»

ሥራ ይዘንበታል ልል አፌን እከፍታለሁ።

«ለዛሬ ብቻ?» ይላል ባሌ። «ወይስ በወር ይሻልሃል?»

«ኧረ በወር ቢሆንልኝማ!»

«ከነመሣሪያው ነው የምትፈልገው?»

«ከነመሣሪያው።»

ክርክሩ ይጀመራል። ባሌ እጅጌውን ይሰበስባል፤ ድምፁ ይጠራል፤ ያንን ይጥላል፣ ይህን ያነሳል፣ «አይ ወንድሜ፣ እንዲህማ አይሆንም» እያለ ይስቃል። ከጠዋት ጀምሬ የጠበቅኩት ፊት ይኸው መጣ። ተስማምተው ሲጨባበጡ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ባሌ ሳንቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጥግ ላይ ያቆመዋል።

«እጃችንን ሳናነሳ!» ይለኛል በሹክሹክታ። «በስድስት ዓመት ሌላ ቤት እንከፍታለን፤ ከዚህ የሰፋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንሠራለና!»

ከስድስት ዓመት በኋላ ስንት ዓመት እንደሚሆነው ልነግረው አሰብኩ፤ ተውኩት። እንደዚህ ደስ ብሎት ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ያገባሁት ሰው ከእንግዲህ አይመጣም። ሞቶ ቢሆን ኖሮ ሰው ሰብስቤ አለቅስለት ነበር።

ጎረቤታችን ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ ያጋድማል። ሜትር እንኳ አላወጣም፤ በጥፍሩ ጭረት ያደርግና መጋዙን አንስቶ ይገፋል። ትኩስ የእንጨት ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ቁራጩ መሬት ላይ ሲወድቅ በእግሩ ወደ ጎን ገፋ አድርጎት ይቀጥላል።

ባሌ ወደ ጠረጴዛው ይጠጋል። ሊያይ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ተንበርክኮ የሚዘንበውን ሰጋቱራ በሁለት እጁ መሰብሰብ ይጀምራል።

«ይሄ እኮ ለማገዶ ይሸጣል» ይላል ቀና ብሎ፣ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ። «ነይ እስቲ፣ ፌስታሉን ያዢልኝ።»

አጠገቡ እንበረከክና የፌስታሉን አፍ ከፍቼ እይዝለታለሁ።