የተጨበጠ እጅ

እዚህ በረዶ ሆኖ በጠጠረው ሐይቅ ላይ በበረዶ ሞተር ተሰልፈን ስንሄድ፣ ከፊት ለሚመጣ ሰው ከኋላችን ስንት እንዳለ በጣታችን እናሳየዋለን። የመጨረሻው ሰው እጁን ይጨብጣል፤ «ከኔ በኋላ ማንም የለም» ማለት ነው። እስከ አምና ድረስ የሚጨብጠው ወንድሜ ፌርናን ነበር። በረዶው ተሰብሮ ሐይቁ ከነሞተሩ ዋጠው፤ በሞተሮቻችን ጩኸት ማናችንም አልሰማንም።

«ኋላ ሁን እንግዲህ» አለኝ የአጎቴ ልጅ ሮዛይር። «የዚህን ሽማግሌ ሞተርህን ጭስ ማን ይጠጣልሃል?»

«ያንተ ጎረምሳ ሆኖ ነው? ገመዱ አስር ጊዜ ካልተጎተተ የማይነሳ!»

ሊመሻሽ ሲል ሐይቁ መሃል ደረስን። በረዶው ላይ ውሃ ወጥቶ ጭቃ ሆኗል፤ የቆመ እዚያው ይቀራል። እነዚህ አሮጌ ሞተሮች ደግሞ የኋላ ማርሽ የላቸውም። አንዲት ሴት ከፊት መጣች። ሮዛይር አንድ ጣት አሳያት። እኔ እጄን ጨበጥኩ። ሴትዮዋ ግን ራሷን ነቀነቀችና ወደ ኋላዬ ጠቆመችኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ከነጭ ሜዳ በቀር ምንም የለም።

ፊቴን ስመልስ ጥላዬ በረዶው ላይ ረዝሞ ተዘርግቷል። ከኋላዬ ብጫ መብራት እየቀረበ ነው። «ሮዛይር!» ብዬ ጮህኩ፤ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማሁትም። እሱ እንደ ልማዱ ዞር ብሎ አየንና፣ ከፊት ለሚመጣ ሌላ ሰው ሁለት ጣት አነሳ።

ሰውየው እኔ ዘንድ ሲደርስ እጄን አነሳሁ። ልጨብጥ ብሞክርም አንዷ ጣቴ አልታጠፍ አለችኝ።