የአራጌ ወገብ

አራጌ በቆቦ ዙሪያ ማሽላ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ዘንድሮ የወገቡ አጥንት ከቦታው ተንሸራቶ ነርቩን ተጫነውና ግራ እግሩ በድን ሆነ። ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ሁለተኛውም እግሩ ሊከዳው ነው።

ሚስቱን ደመቀችን ግን ያስጨነቃት ሐኪሙ ነው። የአራጌ ወንድም በመስኖ ውኃ ጠብ የዚሁን ሐኪም፣ የዶክተር እንዳለውን አባት ገድሎ ከአገር ጠፍቷል። ዕርቅ አልወረደም። ደም ያለበት ቤት ወንድ ልጅ በቀል ፈርቶ እንደልቡ ገበያ ስለማይወጣ፣ አንድ ልጃቸው ዳዊት ዋጃ ከተማ፣ በእናቱ ወንድም ቤት ተሸሽጎ ይኖራል።

«ሌላ ሐኪም ጠፍቶ ነው?» አለችው።

«እሱ ይሻለኛል» አለ አራጌ።

ደሴ፣ ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተሩ የራጅ ፊልሙን እያሳየ አስረዳቸው።

«ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በትንንሽ ቀዳዳ ገብቶ፣ በስክሪን እያዩ አጥንቱን በብሎን ማሰር ነው፤ ደም ብዙም አይፈስም፣ ቶሎ ይነሣሉ። ሌላው ጀርባን በሰፊው መክፈት ነው። አጥንቱ በዐይን ይታያል፤ ግን ሥጋው ይጎዳል፣ ደምም ይፈሳል። ከከረመ በኋላ ውጤታቸው ብዙ አይራራቅም።»

«ትንሹ ይሁንለት!» አለች ደመቀች ቶሎ ብላ።

«አንቺ እስቲ ውጪ ቆዪን» አላት ባሏ።

በሩ ተዘጋ። ሲከፈት አራጌ ፊቱ ገርጥቶ፣ «ሰፊው ይሁን ብያለሁ» አለ። ነርሷ ለክፉም ለደጉም ደም የሚሰጥ ዘመድ እንዲመጣ ብትጠይቅ እሱንም አልፈልግም አለ። ደመቀች ደሟ ፈላ። ይሄ ሰውዬ ባሌን አባብሎ ሊያርደው ነው አለች በልቧ።

ጠዋት አራጌን በአልጋ እየገፉ ሲያስገቡት የዶክተሩን ጋዋን ጨምድዳ ያዘች።

«አባትህን የገደለው እሱ አይደለም!»

«አውቃለሁ» አለና እጇን ቀስ ብሎ አላቅቆ ገባ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥም መቆምም አቃታት። አንዴ ትጸልያለች፣ አንዴ የእንዳለውን ዘር ማንዘር ትረግማለች።

በመጨረሻ ዶክተሩ ላቡን እየጠረገ ወጣ። «ደኅና ነው። በትንሹ ቀዳዳ ነው የሠራሁት።»

ደመቀች ግድግዳውን ተደገፈች። «ታዲያ ትናንት ምን ብለህ ነው ሰፊውን ያስመረጥኸው?»

«እኔ አይደለሁም፣ እናቴ፤ በዚያ ወገቡ እግሬ ላይ ወድቆ ‹በሰፊው ክፈተኝና እዚያው ልቅር፣ ለአባትህ ደም እኔ ልብቃችሁ፣ ዳዊትን ማሩልኝ› ያለኝ እሱ ነው።»