ለቻርጅም ለፋይልም

ገመዱን ነቅዬ መልሼ እሰካዋለሁ። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያው ላይ የባትሪው ምልክት ብልጭ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ጭጭ ነው። ምንም ነገር እንደተሰካበት አያውቅም።

«ቻርጁን ይበላል፤ ሲጠሩት ግን አቤት አይልም» ይላሉ ሚያን ገዘንፈር፣ ከሶፋው ጫፍ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው። «ልክ እንደ ታናሽ ወንድሜ።»

አክስቴ ከውሰር ከሚገባው በላይ ትስቃለች። ዛሬ የመጣነው የእሳቸውን ልጅ ሩባብን ልታጭልኝ ነው። ጫማችንን ሳናወልቅ ጀምራ «የወንድሜ ልጅ የኮምፒውተር ኢንጂነር ነው» አለች። እኔ ፒንዲ ከተማ፣ ገበያ ውስጥ፣ በጠባብ ሱቅ፣ የስልክ ሽፋንና ገመድ እሸጣለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ያኔውኑ ላርማት ይገባኝ ነበር፤ አፈርኩና ዝም አልኩ። ሚያን ገዘንፈር፣ በአክብሮት ሚያን ሳሂብ የምንላቸው፣ ደስ ብሏቸው ይህን ማንበቢያ ከጓዳ አመጡልኝ።

«ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የወረቀት መጽሐፍ አልችልም፣ ልጄ። እዚህ ላይ ፊደሉን ቡጢ አሳክዬ አነባለሁ። አዲሶቹ መጻሕፍት ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀሩ፤ ወደዚህ አልሻገር አሉ። ጎረቤቴ ‹ሞቷል፣ ይጣሉት› አለኝ።»

«የእኔ ታንዚል እያለ ምን ሞት አለ!» ትላለች አክስቴ፣ ትከሻዬን መታ አድርጋ።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራዋለሁ። ማንበቢያውንም እንዲሁ። የገመዱን መግቢያ እፍ እላለሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ሚያን ሳሂብ የማደርገውን ሁሉ በአክብሮት ይከታተላሉ፤ እፍ ማለቱን እንኳ ትምህርት ቤት የተማርኩት ይመስላቸዋል።

«ዩኒቨርሲቲው የት ነበር?»

«ላሆር!» አክስቴ ትቀድመኛለች።

የተበጠሰ ቦታ ካለ ብዬ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዳስሰዋለሁ። አንገቱ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። በደንብ በተስተካከለ ጽሕፈት፣ አንድ ነጥብ ሳይጎድል፣ «ለቻርጅም ለፋይልም» ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ገመድ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ነው፤ ፋይል የሚያሻግረው ሽቦ የለውም። አከፋፋዩ ነግሮኛል። እያወቅኩ ነው የጻፍኩት፤ እንዲያ ሲባል ቶሎ ይሸጣል።

«መሣሪያው በቃ ሞቷል» ብል ነገሩ እዚህ ያልቃል። ያምኑኛል። ማንበቢያውን ይጥሉታል፤ ልጃቸውን ይሰጡኛል። ገመዱን ከኮምፒውተሩ እነቅለዋለሁ።

በዚህ መሐል ሩባብ ሻይና ሳምቡሳ በትሪ ይዛ ትገባለች። ቀና ብዬ አላያትም።

«ገመዱ ነው» እላለሁ። «ማንበቢያው ደህና ነው። ይሄ ገመድ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው።»

«ገመዱ? አዲስ እኮ ነው! አሮጌውን አይጥ በልታው፣ ባለፈው ሳምንት ሩባብ ራሷ ገበያ ወርዳ የገዛችው።»

«ሻጩን ጠይቄዋለሁ፣ አባዬ» ትላለች ሩባብ። ድምጿ ረጋ ያለ ነው። «መጽሐፍ ያሻግራል ወይ ስለው፣ ‹እኅቴ፣ ቤተ መጻሕፍቱን ከነዘበኛው ያሻግርልሻል› አለኝ።»

ከነዘበኛው። ይህን ቀልድ ከእኔ በቀር የሚቀልደው የለም። ዓይኗ ብቻ እስኪቀር ፊቷን የሸፈነች ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ አንድ ገመድ ለመምረጥ ሱቄ ፊት ብዙ ቆማ ነበር። ስታይ የነበረው ገመዱን አልነበረም። የምትታጭለትን ሰው አጠያይቃ ለማየት ነው የመጣችው። ኢንጂነር አለመሆኔን እያወቀች ነው ዛሬ ሻይ ያፈላችልኝ።

«ሌባ!» ይላሉ ሚያን ሳሂብ። «እነዚህ የገበያ ልጆች ገዢ ካገኙ እናታቸውንም አይምሩም።»

«እጁ ይቆረጥ!» ትላለች አክስቴ። «እንዲህ ያለውን ማን አሳደገው?»

ያሳደገችኝ እሷ ናት።

«ሩባብ፣ ሱቁን ታውቂው የለ? ነገ እኔና ታንዚል እንሄዳለን። ኢንጂነር ፊት ሲዋሽ አያለሁ!»

ሩባብ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ልትናገር ትችላለች፤ አትናገርም። ለእኔ ትታዋለች።

«መሄድ አያስፈልግም» እላለሁ። «ሻጩ እኔ ነኝ።»

ሚያን ሳሂብ ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። ከዚያ ፊቴን ያያሉ።

«ኢንጂነር አይደለሁም፤ ላሆርንም ረግጬው አላውቅም። ገመዱ እንደማይሠራ አውቄ ነው የሸጥኩላት።»

«ኧረ ይቀልዳል!» ትላለች አክስቴ፤ ግን ድምጿ መሐል ላይ ይሰበራል፤ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ትይዛለች።

ሚያን ሳሂብ ማንበቢያውን ከጭኔ ላይ አንስተው፣ ሕፃን ከማይታመን ሰው እጅ እንደሚወሰድ፣ ደረታቸው ላይ ያስጠጉታል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጆሮዬ ይነዳል። ተነሥቼ ልውጣ ብዬ ጫማዬን በዓይኔ እፈልጋለሁ።

«ስኳር ስንት ላድርግልህ?» ትላለች ሩባብ።

ቀና አልልም። የሚታየኝ እጇ ብቻ ነው፤ ማንኪያው ስኳር እንደሞላ ከኩባያው በላይ ቆሞ ይጠብቃል።