የማይደርቅ ሽፋን

ልብስ ሰፊዋ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የጠራዧን ሱቅ በር ገፍታ የገባችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጠራዧ ደብተር እየሰፋች ነበር። ቀና ብላ ስታያት መርፌው ጣቷን ወጋት።

“እንዴት ነሽ?” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል።

“አለሁ። ምነው፣ መንገድ ተሳስተሽ ነው?”

“ደብተር ላሠራ ነው። የእህቴ ልጅ ካንቺ የገዛችውን አየሁት። ከዚያ ወዲህ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።”

ሁለቱ በአንድ ዴስክ ተምረው፣ አንድ ዳቦ ለሁለት ገምጠው ያደጉ ናቸው። ያጣላቸው አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የጠራዧን ሱቅ መብራት ሊጠግን መጥቶ ሁለት ዓመት ከረመ፤ በኋላ ገመዱን ነቅሎ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሰካው። ጎረቤት ነው እንዲህ የሚለው።

ለልብስ ሰፊዋም አልበረከተላትም። ለሰርጋቸው አንድ ሳምንት ሲቀረው ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሰው፤ “ሙሽራህ ሌላ ሰው አላት” የሚል። ሰውየው ደብዳቤውን ስፌት መኪናዋ ላይ ወርውሮላት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። እሷም የአክስቷን ልጅ ጠርጥራ እህል ውሃቸው ተቋረጠ። ጠራዧ ያኔ ወሬው ሲነገራት “የእጇን ነው ያገኘችው” ብላ ስፌቷን ቀጠለች።

“የምን ደብተር ነው?”

“የሰርግ። እንግዶች የሚፈርሙበት።”

ጠራዧ ሆዷ እያረረ ጥርሷ ሳቀ። “የማን ሰርግ?”

“የማን ሊሆን ነው? የጎረቤት ሰርግ ላይ ደብተር ይዤ አልዞር።”

“አሁን ደግሞ የማንን ቀማሽ?”

“ይሄኛው ባለቤት የለውም፤ አጣርቻለሁ።” ልብስ ሰፊዋ ከመደርደሪያው አንድ ደብተር አንስታ አገላበጠች። “ሽፋኑ እንደዚህ እንደ መስታወት የሚያበራው ይሁንልኝ፤ ውስጡ ጽጌረዳ ያለበት። ወረቀቱ ያ ድሮ የነበረሽ ክሬም ቀለሙ ይሁን። ጠርዙንም እዚሁ ቁረጪልኝ፤ ማተሚያ ቤት እንዳትልኪው።”

“የኔ መቁረጫ እኮ ጥርስ አላት።”

እውነቷን ነው። መቁረጫዋ ገና በአዲስነቷ ምስማር ነክሳ ስለቷ ተሸርፏል። ከዚያ ወዲህ የቆረጠችው ወረቀት ሁሉ በታችኛው ጠርዙ ላይ፣ ከጥጉ ሁለት ጣት ገባ ብሎ፣ የሕፃን ጥርስ የምታክል ጉጥ ይቀርበታል። ስለት የሚስለው ሰውዬ “ቀይሪያት” ቢላት፣ “ተዋት፣ ማኅተሜ ናት” ብላ ስቃበታለች።

“ጥርስም ቢኖራት ግድ የለኝም” አለች ልብስ ሰፊዋ። “ለማክሰኞ ይድረስልኝ ብቻ።”

በሩ ሲዘጋ ጠራዧ የተወጋ ጣቷን መጠጠች። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” አለች ለብቻዋ።

በማግስቱ ሁለቱን ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ አቆመች፤ አንደኛው ሲደርቅ መስታወት የሚመስለው ፈሳሽ፣ ሬዚኑ፤ ሌላው ማጠንከሪያው። ሁለት እጅ ሬዚን ከሆነ አንድ እጅ ማጠንከሪያ ነው፤ ይሄን ተኝታም አትስተውም። ማጠንከሪያው ካነሰ ሽፋኑ ሲያዩት መስታወት ነው፤ ሲነኩት ግን ማር ነው። ዓመት ቢቀመጥም አይደርቅም።

ግማሽ እጅ ጨመረች።

ቀስ ብላ አማሰለች። የደረቁትን ጽጌረዳዎች ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ደረደረችና አፈሰሰችበት። የላይተር እሳት ከላይ ከላይ አሳልፋ አረፋውን አጠፋች። እንዲህ ተጠንቅቃ ያበላሸችው ሥራ የለም።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ዝንብ ሽፋኑ ላይ አረፈችና እዚያው ኑሮ መሠረተች። ጠራዧ በወረንጦ አነሳቻት። ሙሽራዋን በነጭ ጓንት አሰበቻት፤ ደብተሩን ስታነሳ፣ ሲይዛት፣ ስትጎትት፣ እንግዳው ሁሉ ሲያይ። ሙሽራው ቆሞ ሙሽራዋ ከደብተር ጋር ተጋባች ይላሉ። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወረንጦውን አስቀመጠች።

ወረቀቱን ሰፋች። መቁረጫዋን ጫነችበት፤ ጠርዙ እኩል ወረደ፣ ከዚያች ከጉጧ በቀር። ሽፋኑን ከወረቀቱ ጋር ሰፍታ፣ ሽፋኑን ብቻ በስስ ላስቲክ ጠቀለለችው።

ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋ በሰዓቷ መጣች። አብራት የመጣች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ደጅ ቀረች።

“ላስቲኩን እስከ ሰርጉ ቀን እንዳታነሺው” አለች ጠራዧ። “ቶሎ ይጫራል።”

“እሺ፣ የኔ እህት።”

ጠራዧ በዓይኗ የልብስ ሰፊዋን ጣቶች ተከተለች። አንድ ጣት ሽፋኑን ቢነካ አለቀ። ልብስ ሰፊዋ ግን ሽፋኑን አላየችውም። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ፣ የቀሚስ ዘርፍ እንደሚፈትሽ ሰው የወረቀቱን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ጥፍር ዳበሰችው። ከጥጉ ሁለት ጣት ገባ ብሎ ጥፍሯ ቆመ።

“አማረልሽ?” አለች ጠራዧ።

“በጣም። እኛ ጨርቅን ከጠርዙ ነው የምናውቀው።”

ጠራዧ እፎይ አለች። “ታዲያ ሰርጉ መቼ ነው?”

“የቱ ሰርግ?”

ልብስ ሰፊዋ ደጅ የቆመችውን የአክስቷን ልጅ “ነይ፣ እዪ” ብላ ጠራቻት፤ ከቦርሳዋም አራት ቦታ የታጠፈ፣ ክሬም ወረቀቱ የወየበ ደብዳቤ አውጥታ ጥጉን ከደብተሩ ጥግ ጋር ገጠመችው፤ ጥርሱ ጥርሱ ላይ አረፈ።