ሙቀት የማይችለው ኮምፒውተር

ፍቅሩ ሸዋ ሮቢት ላይ የባጃጅ ስቲከር ቆራጭ ነው። የቅዱሳን ስም ይሁን ጥቅስ፣ የኳስ ቡድን ዓርማ ይሁን ሌላ፣ ሾፌሩ የፈለገውን ቆርጦ መስታወቱ ላይ ይለጥፍለታል። መቁረጫ ማሽኑ ግን አሮጌ ነው፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር በቀር ለማንም አይታዘዝም። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች የእሱ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ እንኳ የላቸውም።

ያ ኮምፒውተር አንድ ቀን ጨሶ ሞተ። ኮምፒውተር ከሌለ ስቲከር የለም፤ ስቲከር ከሌለ ፍቅሩና እናቱ እትዬ እቴነሽ የሚበሉት የለም። ነገሩ ይኸው ነው።

ቴሌግራም ላይ ሲፈልግ ማርታ የምትባል ልጅ አገኘ። ደብረ ሲና አባቷ ቤት በር ላይ ሱቅ አላት፤ መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸውን ኮምፒውተሮች ትሸጣለች። ፎቶው ያምር ነበር። ገንዘቡን ላከ፤ ዕቃው በሚኒባስ ወረደለት። ከካርቶኑ የወጣው ግን ሌላ ነው። ቀለሙ እንደ በሽተኛ ዓይን ቢጫ ሆኗል፤ ስክሪኑ ከኋላው ሆዱ ተነፍቶ ለብቻ አይሸከሙትም። ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ ሰኩት። እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ወዲያው ዝም አለ።

ተበላህ አሉት።

ፍቅሩ በንዴት ሳጥኑን ተሸክሞ ደብረ ሲና ወጣ። ማርታ ከፈተችው፤ አቧራውን እፍ አለች፤ አንዷን ካርድ ነቅላ የካርዷን ጥርስ በላጲስ ፈግፍጋ መለሰቻት። በራ። ዕቃው ምንም አልሆነም፣ ደጋ የለመደ ስለሆነ የቆላችሁ ሙቀት ከብዶት ነው አለችው። ፍቅሩ በትከሻው ኮምፒውተሩን፣ በእጁ አንድ ከረጢት ቆሎ ይዞ ተመለሰ።

በሳምንቱ ደግሞ እምቢ አለኝ ብሎ ወጣ። እዚያ ሲሰካ በራ። ቆሎም ተሰጠው። በሌላው ሳምንት እንደገና እምቢ አለኝ አለ፤ እንደገና ወጣ።

ከተማው ሳቀበት። ደገኛ ለሽንኩርት ሥራ ቆላ ሲወርድ ወባ እንደሚጥለው ሁሉም ያውቃል፤ ሾፌሮቹም ኮምፒውተርህን ወባ ይዞታል፣ ጤና ጣቢያ አስመርምረው ይሉት ጀመር። አንዱ አጎበር እንዲሰቅልለት መከረው። እትዬ እቴነሽ ግን አልሳቁም። ማሽኑ ይዳን እንጂ ለሥላሴ ጥላ አስገባለሁ ብለው ተሳሉ። ስለቱ የዘገየ ሲመስላቸው ጠበል በጆግ ይዘው መጡ።

ፍቅሩ ዘሎ እጃቸውን ያዘ። “እማዬ፣ ተዪ! ይበላሻል።”

“ያልተበላሸ ይመስል!” አሉ እትዬ እቴነሽ።

ጎረቤቱ ሞባይል ጠጋኙ ካሚል በነፃ ልክፈተውና ልየው አለው። ፍቅሩ የሸጠችው ትየው ብሎ እምቢ አለ። ካሚል እንዲህ ያለ ግትር አላየሁም አለ፤ ነገሩ ግን ገብቶታል።

“ወላሂ ሆን ብላ ነው” አላቸው እትዬ እቴነሽን። “በከፈተችው ቁጥር ደህናውን ዕቃ እያወጣች የተቃጠለውን ትተክልበታለች። አንድ ቀን ባዶ ቆርቆሮ ነው ይዞ የሚመጣው።”

እትዬ እቴነሽ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ አዳመጡት። ገንዘባችንን በላች፣ እኛን ቆሎ ታስበላናለች አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማርታ ስም ሲነሳ ያማትቡ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፍቅሩ ጋሼ በቀለን ዋርካው ሥር ነጠል አድርጎ አናገራቸው። ጋሼ በቀለ የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ቆባቸውን አውልቀው በጽሞና ሰሙት። ማታ ለእናቱ ነገሩን ለሽማግሌ ሰጥቼዋለሁ አላቸው። እትዬ እቴነሽ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ይገባታል፣ አባቷ ፊት ይፈርዱባታል አሉ።

ቅዳሜ ጋሼ በቀለ፣ ሌላው ሽማግሌ ጋሼ ዘውዴና የሰፈሩ ቄስ በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርበው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ባጃጅ ተሳፈሩ። የባጃጇ መስታወት ላይ “እመብርሃን ጠብቂን” የሚል ስቲከር ነበር፤ ገና ሙጫው ይሸታል። እትዬ እቴነሽ ዕቃውስ ብለው ከኋላ ተጣሩ። ጋሼ በቀለ ቃል ይበቃል፣ ቆርቆሮ ምን ያሸክመናል አሉ።

ከባጃጇ ወርደው ከፍቅሩ ጋር የተሳፈሩበት ሚኒባስ ጠመዝማዛውን እየወጣ ሄደ። ደብረ ሲና ሲደርሱ ጋቢው ዋጋ አገኘ። ፍቅሩ መናኸሪያው ጋ ቀረ። እሱ ካለ ነገር ይከራል አሉና ሦስቱ ብቻቸውን ሄዱ።

ማርታ ከሩቅ አይታቸው ሱቋን ጥላ ወደ ጓዳ ገባች፤ አልወጣችም። ቄሱ አጥፊ እንዲህ ነው የሚያደርገው ብለው ጋሼ ዘውዴን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

አባቷ አቶ ሚልኪያስ በር ላይ ቆመዋል። የቆላውን ሐሜት ሾፌሮች አድርሰውላቸው ኖሮ ፊታቸው ጠቁሯል። ቢሆንም እንግዳ ነውና ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ አልተቀመጡም።

“ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም” አሉ ጋሼ በቀለ።

“ጉዳያችሁን ሰምቻለሁ” አሉ አቶ ሚልኪያስ። “እኔ ሌባ አላሳደግሁም። አናምንም ካላችሁ ገንዘባችሁን ውሰዱ፣ ዕቃዬን መልሱ፣ ከዚህ በኋላ ያ ልጅ በደጄ አይለፍ።”

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ጋሼ በቀለ ቆባቸውን አወለቁ፤ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

“ኮምፒውተሩስ ፈጣሪ ይመስገን ልጅዎ በላጲስ ካሸችው ቀን ወዲህ አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም፤ እኛ የመጣነው ማርታን ለልጃችን ለፍቅሩ እንዲሰጡን ልንለምን ነው።”