የትርሲት አምባር

በከተማችን ፖሊስ የሚሆን ሰው አምባር ያጠልቃል። ከዚያ በኋላ በቀበሌው ውስጥ የተጎዳ ሰው ሁሉ ሕመም በገዛ አካሉ ላይ ይሰማዋል። የቤተሰቡ ሕመም ግን አይሰማውም፤ ለዘመድ እንዳያዳላ ሕጉ ከልክሏል።

ልጄ ትርሲት አምባሩን ለሙከራ ካጠለቀች ወር ሆኗታል፤ ዛሬ ማታ ትምላለች። ከመሐላው በኋላ አምባሩ አይወልቅም። ምሳ የጠራኋት "ተይው" ልላት ነበር።

እንደ ልጅነቷ ሸንኮራ እየላጥኩላት፣ "ይህች ከተማ በየወሩ አዲስ ሰፈር ታበቅላለች። የስንቱን ሕመም ትችይዋለሽ?" አልኳት።

"አባዬ ደግሞ! ጥርስህን ባመመህ ጊዜ ጩኸትህን የቻልኩ ሰው ምን ያቅተኛል?" ብላ ሳቀች።

ሳቋ ሳያልቅ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች። "መናኸሪያው ጋ ነው። አንድ ሰው ክፉኛ ወድቋል" አለች።

ስደነግጥ ቢላዋው አዳልጦኝ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። እሷ አጎንብሳ ስለነበር ደሙን አላየችም፤ ሕመሙም አልተሰማትም። ድሮ እሾህ ሲወጋኝ ከእኔ ቀድማ የምታለቅስ ልጅ ነበረች።

"ምሳው ይቆየኝ፣ አባዬ። ወይስ የምትለኝ ነገር አለ?"

እጄን ጠረጴዛው ስር ደበቅኩ። ባሳያት ትቀር ነበር።

"ምንም የለም። ሂጂ፣ ሰውየው ይጠብቅሻል።"

በማታውቀው ሰው ጉልበት እያነከሰች ሮጠች። በዕድሜዬ ብዙ ፖሊስ አይቻለሁ፤ ወደ ሰው ሕመም እንዲህ የሮጠ አላየሁም።

ጣቴን በጨርቅ አሰርኩና ለማታው መሐላ ጫማዬን መወልወል ጀመርኩ።