የሯጩ ልብ

«አትወራጭ!» ሃምሳ አለቃ ደቻሳ አልጋው ላይ የተጋደመውን ወጣት በጥፊ አጮለው።

ዶክተር ዓምሃ የአልትራሳውንዱን መመርመሪያ ከወጣቱ ደረት ላይ አነሳ። «እባክዎ ሃምሳ አለቃ፣ እንዲህ እየመቱት ልመረምረው አልችልም።»

«ይመርምሩታ! ልቡ ታሟል ወይስ አልታመመም? የምፈልገው አንድ ቃል ነው።»

ወጣቱ ገለታ ይባላል። የፋብሪካ ክለብ ሯጭ ነው። ጠዋት እንጦጦ ላይ ልምምዱን ጨርሶ በሽሮ ሜዳ ሲወርድ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሱት። በሚቀጥለው ወር ውጭ አገር እወዳደራለሁ ቢል የሰማው አልነበረም። የመመልመያ ጣቢያው ሐኪም ግን ራጅ ሲያነሳው ልቡን ከሌላው ሰው ልብ ሁሉ ትልቅ ሆኖ አገኘውና «የልብ ሕመምተኛ፣ ለውትድርና የማይበቃ» ብሎ ጻፈ። ደቻሳ አላመነም። ዳገት ሲሮጥ ያደረ ይመስል ላብ በላብ ሆኖ የተያዘ ሰው እንዴት የልብ በሽተኛ ይሆናል? ምን ጠጥተህ ነው ልብህን ያሳበጥከው፣ ማነው ያስተማረህ እያለ በጠመንጃ ሰደፍ ደረቱን ወቀጠው። ገለታ የሚናዘዘው ነገር አልነበረውም። ልብን ሲመታ የሚያሳይ መሣሪያ ጉለሌ ሆስፒታል አለ ሲሉት፣ ደቻሳ በወታደር መኪና ጭኖ እዚህ አመጣው።

ዓምሃ ምሥራቅ ጀርመን ሲማር የጀልባ ቀዛፊዎችን ልብ በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ይለካ ነበር። ስለዚህ የገለታ ልብ ትልቅነት አላስገረመውም። ግድግዳው ዙሪያውን እኩል የወፈረ፣ ቅርጹ ያልተዛባ፣ ዓመታት ሙሉ ዳገት የወጣ ጡንቻ ነው። በዚህች ክፍል ውስጥ ይህን የመሰለ ጤነኛ ልብ አይቶ አያውቅም።

ያስደነገጠው በልቡ ዙሪያ ያለው ጥቁር ቀለበት ነው። በልቡና በሽፋኑ መሀል ደም ገብቷል። ልቡ የሚዘረጋበት ቦታ አጥቶ እየተጨመቀ ይንፈራገጣል። ዓምሃ ቀና ብሎ ገለታን አየው። የአንገቱ ሥሮች ተገታትረዋል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ዶክተር፣ የደም ግፊቱ እየወረደ ነው» አለች ነርሷ፣ ሲስተር ሰናይት።

«ረጅሙን መርፌ አምጪልኝ። ቶሎ!»

«መልሴስ?» አለ ደቻሳ።

«ልቡ ጤነኛ ነው። ያሳደገው ሩጫው ነው። አሁን ግን በሰደፍ የተመታው ደረቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ልቡን አንቆታል። ካልቀዳሁለት ይሞታል።»

ደቻሳ ፊቱ ተለዋወጠ። ሄዶ በሩን ዘጋና ጀርባውን አስደግፎበት ቆመ። አንቱታው እዚያው ላይ ቀረ።

«ማንም አልመታውም። ልቡ ትልቅ ነው አላልክም? በቃ፣ በልብ በሽታ ሞተ ብለህ ጻፍ።»

«አልሞተም እኮ!»

«ይሞታላ።»

ዓምሃ መርፌውን ከሰናይት እጅ ሲቀበል ደቻሳ ሽጉጡን መዝዞ በእጀታው አፉ ላይ መታው። ዓምሃ ግድግዳው ላይ ተላተመ። የተሰበረ ጥርሱን ከነደሙ እጁ ላይ ተፋው። ደቻሳ እንደገና ሽጉጡን ሲያነሳ ሰናይት መሀል ገባች።

«ቢሞት ሬሳውን ቤተሰቡ ያጥበዋል» አለችው። «የሰደፉ ምልክት ደረቱ ላይ አለ። ያን ጊዜ ምን ልትል ነው? ቢተርፍ ግን ማን ይጠይቅሃል?»

ደቻሳ የገለታን ደረት አየ። የሰደፉ ጠርዝ ሳይቀር በልዞ ወጥቷል። ሽጉጡ ቀስ እያለ ወረደ።

ዓምሃ የሚደማ አፉን በክንዱ ጠረገና መርፌውን ከገለታ የደረት አጥንት ሥር ወደ ላይ ሰደደው። ገለታ እንደሚታረድ በሬ አጓራ። ሰናይት ትከሻውን ተጭና ያዘችው። የመጀመሪያው ሲሪንጅ ጥቁር ደም ሞልቶ ወጣ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ግማሽ ሲደርስ ጥቁሩ ቀለበት ሳሳ፤ የታፈነው ልብ ተዘረጋ፣ ሞላ፣ በሙሉ ኃይሉ መታ። ሰናይት «እሰይ!» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ደቻሳ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «በል ጻፍ። ጤነኛ ነው ካልክ መኪናው ውጭ ቆሟል፣ አሁኑኑ ጭኜው እሄዳለሁ።»

ዓምሃ አልጋውን አየ። በዚህ ደረት እስከ ሰሜን ጦር ግንባር ቀርቶ እስከ አዲሱ ገበያም አይደርስም። መንገድ ላይ ቢሞት ደግሞ ለደቻሳ ግልግል ነው። እስክሪብቶውን አነሳ። «ልቡ በበሽታ የተለጠጠ። ለውትድርናም ሆነ ለማንኛውም ስፖርት የማይበቃ።» ፈርሞ ማኅተም አደረገበት። ከዚህ ወረቀት በኋላ ገለታን የሚያሰልፍ ክለብ እንደማይኖር ያውቃል።

ደቻሳ ሁለቴ አነበበው። «ለእሱም ንገረው። ከአንተ አፍ ይስማው።»

ገለታ ዓይኑን ገልጧል። «ዶክተር» አለ በተሰባበረ ድምፅ፣ «ለውድድሩ እደርሳለሁ?»

ዓምሃ የእጁን አንጓ ያዘ። ደቻሳ ከራስጌው ቆሞ ይጠብቃል።

«ልብህ ታሟል፣ ወንድሜ። ከእንግዲህ አትሮጥም።»

በሰደፍ ሲወቀጥ ያላለቀሰው ገለታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ማልቀስ ጀመረ። በዓምሃ ጣቶች ሥር የደም ሥሩ ዝግ ብሎ፣ ሳያዛንፍ፣ አጥብቆ ይመታ ነበር።